ሟቹ ሁሉ አያ በሪሁን የሆነበት ፊልም

አያ በሪሁን ሞተ ተብሎ በገንዳ ውሃ ከተማ ሲወራ፣ የሰማው ሰው ሁሉ መጀመሪያ ያለው «ደግሞ?» ነው። እኔም መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ይዤ ተቀምጬ ስልክ ሲደወልልኝ ያልኩት ይህንኑ ነበር። የደወለችው ባለቤቱ ካሰች ናት። ቀልዱን አልመለሰችልኝም። ያኔ እውነት መሆኑ ገባኝና ሻዩን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

በሰው አይፈረድም። አያ በሪሁን በዕድሜው የሠራው አንድ ፊልም ነው፤ «የዋልካው ጭራቅ» ይባላል፤ በዚያ ፊልም ውስጥ ጭራቁ የሚገድላቸው ሰዎች ሁሉ እሱ ናቸው። ገበሬውም እሱ ነው፣ ትራክተር ነጂውም እሱ ነው፣ ሻይ የምታፈላዋ ሴትም ሻሽ ያሰረ እሱ ነው። ፊልሙ ከስልክ ወደ ስልክ እየተላለፈ እስከ አብደራፊና አብርሃ ጅራ ስለደረሰ፣ በቆላው ውስጥ አያ በሪሁን ሲሞት ያላየ ሰው ማግኘት ይቸግራል። በተለይ የሻይ አፍይዋ ሞት ስመ ጥር ነው። ጭራቁ አንገቷን ይዟት እያለ ብርጭቆዋን ቀስ ብላ መሬት አስቀምጣ ነው የምትወድቀው። ብርጭቆው የጎረቤት ነበር።

ለቅሶው ላይ የሆነውም ከዚህ የመጣ ነው። ሰው ደረቱን እየመታ ድንኳኑ ውስጥ ይገባል፣ ያለቅሳል፣ ይቀመጣል፤ ትንሽ ቆይቶ አንዱ «ያን ጊዜ ትራክተር ላይ ሲሞት እኮ» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ የሁሉም ትከሻ ይንቀጠቀጣል፤ ከሩቅ ለሚያይ ሰው ሐዘኑ የጠና ይመስላል። ቄሱ አንድ ሁለቴ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጸጥ አሰኙን። በኋላ ግን እሳቸውም ወደ እኔ ጠጋ ብለው «ብርጭቆው አልተሰበረም አይደል?» አሉኝ።

እኔን የጠየቁኝ ጭራቁ እኔ ስለነበርኩ ነው። ትራክተር ነጂ ነኝ፤ እርሻው ሲያበቃ በበጋ ሥራ እፈታለሁ፤ ቁመት ደግሞ አለኝ። አያ በሪሁን ሁለቱንም አይቶ «አንተን እግዜር ለጭራቅነት ነው የፈጠረህ፣ ትራክተሩ በስሕተት ነው» ብሎ ቀጠረኝ። ያን በጋ የጭራቁ ልብስ ከሆነው ጆንያ ውስጥ ሆኜ ስመለከተው ከረምኩ። ሰው ጆንያ ውስጥ ያለን ሰው ቶሎ ይረሳዋል፤ የልቡንም እንደ ልቡ ያወራል። እሱን አውቀዋለሁ የምለው ለዚህ ነው።

የዘወትር ሥራው የሠርግ ቪዲዮ መቅረጽ ነበር። «ቀራጩ መጣ» ሲባል ይከፋዋል፤ «ዳይሬክተር» እንዲባል ይፈልጋል። እውነትም አንድም ሙሽራ አንድ ጊዜ ብቻ በበር አስገብቶ አያውቅም። «ያላ» ሲል ሙሽራው ይገባል፣ «ኸላስ» ሲል ባለበት ይቆማል፤ ከዚያ አያ በሪሁን ራሱን ይነቀንቅና «እንዲህ ነው ወደ ሙሽሪት የሚገባ? ግብር ልትከፍል የመጣህ ነው የምትመስል። ውጣና ድገመው» ይለዋል። ሁለቱን ቃላት ከሱዳን ከሚሻገሩ ነጋዴዎች ነው የለመዳቸው፤ «ጀምር»ና «አቁም» ለዳይሬክተር ያንሳሉ ባይ ነው። የሙሽሪትን እናት እልልታ ያስደግማል፣ ሚዜዎቹን ጭፈራ ያስደግማል። አንድ ጊዜ ቡራኬም ሊያስደግም ሞክሮ በመቋሚያ ትከሻውን ተመትቷል፤ የተመታበት ቀረጻ አሁንም አለ፣ ሙሽሮቹ ግን ይቆረጥልን አላሉም።

ጉንጩ የሞላ፣ ዓይኑ ሁልጊዜ ሊስቅ የተዘጋጀ ሰው ነበር። ሊቆጣ ሲሞክር እንኳ ሰው ይስቅበታል። የሚያስፈራ ፊልም ካልሠራሁ ብሎ የተነሣው እንግዲህ ይህ ሰው ነው።

ለምን እንደተነሣ የነገረኝ አንድ ቀን ጥርሴን እየሠራልኝ ነው። የጭራቁ ጥርስ ከነጭ ጀሪካን ተቆርጦ የሚሠራ ስለነበር፣ እሱ በመቀስ እያስተካከለ እኔ አፌን ከፍቼ እየጠበቅሁ አወራኝ። አያ በሪሁን ከጎጃም የመጣው ሰሊጥ ሊያጭድ ነው። እዚህ ለአጨዳ የሚወርደውን የቀን ሠራተኛ «ሳሉግ» ይሉታል፤ እሱም በጊዜው ሳሉግ ነበር። የጭነት መኪናው ላይ አለኸኝ ከሚባል ጎልማሳ ጋር ተዋወቀ። አንድ ዳስ ውስጥ ተኙ፣ ከአንድ ድስት በሉ፣ ጎን ለጎን አጨዱ። ማሳው ሳይጋመስ አለኸኝን ትኩሳት ያዘውና ሞተ። ሰሊጥ ደግሞ ከደረሰ በኋላ ከዘገዩበት ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። የአጫጆቹ አለቃ፣ ካቦው፣ «ቶሎ በሉ» አለ። ማሳው ዳር ቀበሩትና ከሰዓት በኋላ ሁሉም ወደ አጨዳው ተመለሰ።

«ማንም አላለቀሰ» አለኝ መቀሱን አቁሞ። «እኔም ማጭዴን ይዤ ሄድሁ። ለዘመዶቹ እንዳንልክ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ከጎጃም ከየትኛው አገር እንደወጣ የሚያውቅ የለም። በእጃችን የቀረ ስሙ ብቻ ነው። እና አሁን አንድ ነገር ነው የምፈልግ፤ አለኸኝ አንድ ቀን በወጉ ይለቀስለት።»

አፌ በጀሪካን ጥርስ ተይዞ ስለነበር ለመናገር ተቸገርኩ፤ ቢሆንም «ታዲያ ለምን ድንኳን አትጥልም?» አልኩት።

«ምን ብዬ? 'ድሮ የሞተ፣ ዘሩን የማላውቀው ሰው አለኝና ኑ አልቅሱልኝ' ልበል? ማን ይመጣል? አበደ ነው የምትሉኝ። ፊልም ነው ካልሁ ግን አገሩ በሙሉ ይመጣል። ሠርግ ላይ ካሜራ ሳወጣ የተኮራረፈው እንኳ ተቃቅፎ ነው የሚቆም።»

ሐሳቡ እንዲህ ነበር። በበጋ ዋልካው መሬት ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ አንዳንዱ ስንጥቅ እግር ይውጣል። ከዚያ ስንጥቅ ጭራቅ ይወጣና አንድ ሳሉግ ይበላል፤ የከተማው ሰው ጭራቁን ይዋጋል፤ በመጨረሻ ተሰብስቦ ለሟቹ ሳሉግ ያለቅሳል። አያ በሪሁን ከፊልሙ ሁሉ የሚፈልገው ይህችን መጨረሻ ነበር። የቀረውን የሠራው ሰው ለለቅሶው እንዲቀመጥለት ነው።

ሥራው ከጀመረ በኋላ ግን ነገሩ ሁሉ በየፊናው ሄደ። ልብሴ የሰሊጥ ጆንያ ነበር፣ ጸጉሬ የማሽላ ቅጠል፣ ጅራቴ የድሮ ጎማ በማሽላ አገዳ የተጠቀለለ። ስንጥቁን በአካፋ አስፍተን ውስጡ ተቀመጥኩ። «ያላ» ሲለኝ እያጓራሁ ወጣሁ፤ ፍየሎች ከኋላዬ ደርሰው ጅራቴን መብላት ጀመሩ። መጀመሪያ የምጮኸው ሰው ለማስፈራራት ነበር፣ ቀጥሎ ፍየል ለማባረር ሆነ። አያ በሪሁን ካሜራውን ሳያወርድ «አትዙር፤ ጭራቅ ፍየል አይፈራም» ይለኛል። ጸጉሬን እስኪጨርሱት ድረስ ቀረጸ። በፊልሙ ውስጥ ጭራቁ መጀመሪያ ጸጉራም ሆኖ በኋላ መላጣ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ምስጢር አለው ብሎ ያስባል።

ተኩሱ የባሰ ነበር። ከአብርሃ ጅራ በኩል የመጣ ደሳለው የሚባል ገበሬ ከነጠመንጃው ተዋናይ ሆነ። ድርሰቱ የሚለው ደሳለው ተኩሶ ይስታል፣ ጭራቁ ያመልጣል ነው። ደሳለው ጠመንጃውን ትከሻው ላይ እንዳደረገ «እኔ አልስትም» አለ።

«ወንድሜ፣ ጠመንጃው እኮ ባዶ ነው» አለው አያ በሪሁን።

«ባዶም ቢሆን አልስትም። አብርሃ ጅራ ያለ ሰው ይህን ፊልም አያይም? ይህን የሚያህል ጭራቅ፣ ከዚህ እዚያ ድረስ፣ ደሳለው ሳተው ሊባል ነው? ልጆች አሉኝ።»

አያ በሪሁን ለመነው፤ ፀሐይ ዓይንህ ውስጥ ገብታ ነው እንላለን አለው፤ ጠመንጃው አሮጌ ነው እንላለን ሲለው ጭራሽ ተቆጣ። እኔ ጆንያው ውስጥ በላብ ልሟሟ ነው። በመጨረሻ አያ በሪሁን መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ዋልካውን በጣቱ እየቆረሰ ብዙ ካሰበ በኋላ ቀና አለ። «እሺ፣ ምታው» አለ። «ምታው፤ ግን አይሞትም። ቀድሞ የሞተ ነውና።»

እንዲህ ተለወጠ። ጭራቁ ሳሉጉን የበላው መሆኑ ቀረና ራሱ ሳሉጉ ሆነ፤ ሳይለቀስለት የተቀበረ፣ መሬቱ ሲሰነጠቅ የሚወጣ። ጥይት ያገኘዋል፣ ትራክተር ይሄድበታል፣ ነዳጅ ይፈስበታል፤ እሱ ግን ይነሣል። የሚያስተኛው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው ካለቀሰለት። ደሳለው ልቡ ረክቶ ደጋግሞ መታኝ። የተኩሱን ድምፅ አያ በሪሁን በኋላ በአፉ ነው ያስገባው፤ ልብ ብሎ ላዳመጠው ጥይቱ ሁሉ የጎጃም ነው።

ቀጥሎ ደግሞ የሚሞት ሰው ጠፋ። ተዋናይ ለመሆን የመጣው ወጣት ብዙ ነበር፤ መሮጥ፣ መጮህ፣ መዋጋት ሁሉ እሺ ይላል። «እዚህ ላይ ትሞታለህ» ሲባል ግን ልብሱን አራግፎ ይነሣል። «ሟርት ነው፣ እናቴ ብታየኝ ምን ትላለች?» ይላል። አንዱ ቆስዬ ልቅር ብሎ ተደራደረ። አንዱ እንደሞትኩ አድርጋችሁ አውሩልኝ እንጂ አልተኛም አለ። አያ በሪሁን ማንንም አላስገደደም፤ ካሜራውን ለካሰች ሰጥቶ ራሱ ይተኛል። በየቀኑ ልብስ እየቀያየረ ሞተ። ካሰችም ጀርባዋን ሰጥታ ነው የምትቀርጸው፤ ባሏ ሲሞት ማየት ስላልወደደች ካሜራውን ትከሻዋ ላይ ወደ ኋላ ታዞረዋለች። ከሞቶቹ አንዳንዶቹ ውስጥ እግሩ ብቻ የሚታየው ለዚህ ነው።

ለለቅሶው ቀን እማማ ዝማምን አመጣቸው። እማማ ዝማም በአገሩ የታወቁ አልቃሽ ናቸው፤ እሳቸው የገቡበት ለቅሶ ላይ ድንጋይ ልብ ያለው ሰው እንኳ መሐረብ ያወጣል። ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው ማሳው ዳር ደረሱ። እኔ በጆንያዬ ሆኜ፣ ነጠላ ለብሼ፣ በጀርባዬ ተዘርግቻለሁ። አያ በሪሁን ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ «ያላ» አለ።

እማማ ዝማም ነጠላውን ከፊቴ ገለጥ አድርገው አዩኝ። «ይሄማ የነአስማረች ልጅ አይደለም? እናቱን ትናንት ገበያ አግኝቻት ደኅና ናት። በቁሙ ላለ ሰው አላለቅስም» አሉ።

«እማማ፣ ፊልም ነው።»

«ፊልም መሆኑን አንተ ታውቃለህ። ሞት የት ያውቃል? ሰምቶ ቢመጣስ?»

አያ በሪሁን ብዙ ተናገረ። ልመናውም ቁጣውም አልሠራም፤ ሴቶቹ ቁጣውን አይተው ሳቁበት። እማማ ዝማም ግን አዘኑለት መሰለኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ስማኝ፣ የሞተ ሰው ካለህ ስሙን ስጠኝ፤ እሱን አለቅስልሃለሁ። ይሄን ልጅ ግን ከዚህ አንሣልኝ» አሉት።

አያ በሪሁን ወደ እሳቸው ጠጋ አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ «አለኸኝ» አለ።

እማማ ዝማም ቅንድባቸውን ሰበሰቡ። «'አሉኝ' ነው የሚባል። ደግሞስ ወንድ አደረግኸኝ? ጎጃም ለትልቅ ሰው እንዲህ ነው የምትሉ?» አሉት። ሴቶቹ እንደገና ሳቁ፤ እኔም ነጠላው ውስጥ ሳቄን ያዝኩ።

እሱ አልሳቀም። «ስሙ ነው፣ እማማ። የሞተው ሰው ስሙ አለኸኝ ነው» አለ።

«የማን ልጅ ነው?»

«አላውቅም።»

«አገሩስ?»

«ጎጃም ነው። ከጎጃም የት እንደሆን ግን አላውቅም።»

እማማ ዝማም ከዚህ በላይ አልጠየቁም። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሸነፈጡ። እኔ ከተኛሁበት ተነሥቼ ዳር ቆምኩ፤ እሳቸው ባዶውን መሬት እያዩ ጀመሩ፦

«አለኸኝ እያለች ያሳደገች እናት፣
እንደሌለህ ዛሬ ማን ሄዶ ይንገራት?»

ሴቶቹ ተቀበሏቸው። ሲስቁ የነበሩት ናቸው፤ አሁን ደረታቸውን ይመታሉ። ጎጃም ውስጥ የሆነ ቦታ መንገድ መንገዱን የምታይ ሴት ታየችኝና አለቀስኩ፤ የጀሪካን ጥርሴ አፌ ውስጥ እየተንገጫገጨ ነው ያለቀስኩት። አያ በሪሁን ካሜራውን ለቀቀው። ካሜራው አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ መሬት መሬቱን ያያል፣ እሱ ሁለት እጁን ራሱ ላይ አድርጎ ይንሰቀሰቃል። «ኸላስ» የሚል ሰው አልነበረም። ካሜራው ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ ቀረጸ።

በማግሥቱ ቀረጻውን አየነው። ስንጥቅጥቅ ያለ ጥቁር መሬት፣ የቀሚስ ጫፍ፣ የራሱ የአያ በሪሁን ጫማ፤ ሌላ ምንም የለም፣ ድምፅ ብቻ። «ሰው አይታይም እኮ፣ ድገመው» አልኩት። ያን ሁሉ ሙሽራ ሲያስወጣና ሲያስገባ የኖረ ሰው «ይሄ አይደገምም» አለኝ።

ፊልሙ መጀመሪያ የታየው አጨዳው ሊጀመር ሲል ነው። በዚያ ሰሞን ገንዳ ውሃ ከየአገሩ በወረዱ ሠራተኞች ይሞላል፤ ቀጣሪ እስኪመጣ ድረስ ጥላ ፍለጋ ቪዲዮ ቤት የሚገባው ብዙ ነው። ቆርቆሮው ቤት ውስጥ ማጭዳቸውን እግራቸው ሥር አድርገው ተጨናንቀው ተቀመጡ። የጎጃሙም አለ፣ የወሎውም፣ የደጋው ጎንደሬም። አያ በሪሁን ከበሩ አጠገብ ቆሞ ፊታቸውን ያይ ነበር። ሊያስፈራቸው ፈልጎ ነበር፣ እነሱ ግን ከጅምሩ ሳቁ። ፍየሎቹ ጭራቁን ሲበሉት ወንበር እየደበደቡ ሳቁ። «ይሄ ሰውዬ አሁን ሞቶ አልነበረም እንዴ?» እያሉ ሳቁ። አያ በሪሁን ወደ እኔ ዞሮ «ምኑ ነው የሚያስቃቸው?» ይለኛል፤ ከልቡ ተከፍቶ ነበር።

ለቅሶው ላይ ሲደርስ፣ መሬትና ጫማ ብቻ ሲታይ፣ አንዳንዱ ማሽኑ የተበላሸ መስሎት አጉረመረመ። ሳቁ እዚህም እዚያም ትንሽ ቆየ። ከዚያ የእማማ ዝማም ድምፅ ቤቱን ሞላው። ከፊት ተቀምጦ የነበረ አንድ የወሎ ሰው ተነሣ። ፎጣውን ከአንገቱ አውርዶ ወገቡ ላይ አሰረ፣ እጁንም ራሱ ላይ ጫነ። «ይመር» አለ። «ይመር፣ አብደራፊ የቀረኸው።» ሌላው ተነሥቶ ሌላ ስም ጠራ። ከወደ ኋላ ደግሞ አንዱ ስም ሳይጠራ «የአገሬ ልጅ፣ የአገሬ ልጅ» እያለ ብቻ ደረቱን ይመታል። ፊልሙ አልቆ ነጩ ግድግዳ ሲቀር እንኳ አልተቀመጡም። ሁሉም በየማሳው ዳር የተወው ሰው ነበረው።

የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ደንግጦ «ገበያዬን ልትገድልብኝ ነው» እያለ አያ በሪሁንን ጎተተው። ውጪ ደግሞ ቀጣዩን ለማየት የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ። ለቅሶ ከሰማ በደጁ አልፎ የሚሄድ የአገራችን ሰው የለም። እነሱም ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ኩታ ያለው ኩታውን አደግድጎ፣ እየተንጫጩ በበሩ ይገቡ ጀመር። ባለቤቱ ትኬት ሊጠይቅ እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበ፤ ለቅሶ የሚገባን ሰው ምን ብሎ ይከለክላል?

ከሚገቡት አንዱ፣ እንግዳ ሰው፣ በሩ ላይ አያ በሪሁንን ጨበጠውና እንደ ወጉ «እግዜር ያጽናህ። ማን ነው ያረፈው?» አለው።

አያ በሪሁን ዓይኑን በመዳፉ ጠርጎ «አለኸኝ ይባላል። ወንድሜ ነው» አለና መንገዱን ለቀቀለት።